ለሆም ኦፊስ የጻፋችሁት ሁሉ የት ይገባል? የመረጃ አያያዙና የፋይል ማስወጫ አገልግሎቱ ሲመዘን

የኢሚግሬሽን ጉዳይ ለሚመለከተው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት፣ ለሆም ኦፊስ፣ «ኬዜ ምን ደረሰ?» ብሎ ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ የኬዝ ቁጥሩን፣ አድራሻውንና ስልኩን አብሮ ይልካል። ብዙው ደግሞ «ችግሬን ይረዱልኛል» በሚል የሐኪም ወረቀት፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት፣ የባለቤቱን ፓስፖርት ኮፒ ያያይዛል። መልሱ ሦስት መስመር ሆኖ ይመጣል። የተላከው ግን እዚያው ይቀራል። ምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ ለማን ይተላለፋል፣ በምን መንገድ ያመልጣል፣ ባለቤቱስ መልሶ ሊያየው ይችላል ወይ? ይህ ግምገማ የሚመዝነው እነዚህን ነው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። ሕጉ ጠንካራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስለ መረጃ አያያዙ ያወጣው መግለጫ እውነቱን ይናገራል፤ ነገር ግን ረጅም ነው፣ ጥያቄ ብቻ ይዞ ለመጣ ሰውም አይመችም። መረጃው ሠራተኛ እጅ ሲገባ ጥራቱ ወጣ ገባ ይላል። የራስን ፋይል የማስወጣት አገልግሎቱ ግን ከነእንከኑ በነፃ ከሚሰጡት የመንግሥት አገልግሎቶች መካከል ስደተኛን በጣም ከሚጠቅሙት አንዱ ነው፤ በእንግሊዝ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ እንዲያውቀው እንፈልጋለን። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ አቆጣጠር ሲሆን እንናገራለን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈቃድ ላይ ነው። «መረጃዬን እንድትይዙ የሰጠሁትን ፈቃድ አንስቻለሁ፣ አጥፉልኝ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ መሥሪያ ቤቱ መረጃውን መጀመሪያውኑ የያዘው በፈቃድ አይደለምና። ሥራው የሚመራው ዩኬ ጂዲፒአር በሚባለው ደንብና በ2018ቱ የዳታ ጥበቃ ሕግ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ጥያቄ ተቀብሎ ሲመልስ የሚደገፈው በደንቡ አንቀጽ 6 ላይ ባለው «ለሕዝብ ጥቅም የሚከናወን ተግባር» በሚለው ምክንያት ነው። ምክንያቱ ይህ ሲሆን የማስጠፋት መብት አይሠራም፤ መረጃን በዲጂታል መልክ ወደ ሌላ ድርጅት የማዛወር መብትም እንዲሁ። የመቃወም መብት አለ፤ ግን መሥሪያ ቤቱ ከእናንተ ጥቅም የሚበልጥ አሳማኝ ምክንያት ካቀረበ ሊቀጥል ይችላል። በእጃችሁ የሚቀሩት ጠንካራ መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ በአንቀጽ 15 «አሳዩኝ» እና በአንቀጽ 16 «አርሙልኝ»። ጉልበታችሁን «አጥፉልኝ» ላይ አትጨርሱ።

ስለ ቆይታው። የኢሚግሬሽን ፋይል በመደበኛው የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት ከተሰጠ በኋላ 25 ዓመት፣ በሌሎች ጉዳዮች ደግሞ ከመጨረሻው እንቅስቃሴ በኋላ 15 ዓመት ይቀመጣል። ይህን ቁጥር መግለጫው ራሱ ይናገራል። በግልጽ የማይነግራችሁ ተራ የምትመስለው ጥያቄያችሁ ከየትኛው ወገን እንደምትመደብ ነው። «ለቪዛ ስንት ቀን ይፈጃል?» የሚል አጠቃላይ ጥያቄ ተራ ደብዳቤ ነው፤ የኬዝ ቁጥር የተጻፈበት ደብዳቤ ግን ከኬዙ ጋር ይያያዛል፣ ዕድሜውም የኬዙ ዕድሜ ይሆናል። ዛሬ ተናዳችሁ የጻፋችሁት፣ ሳታረጋግጡ ያስገባችሁት ቀን፣ ያለ አስፈላጊነት የጠቀሳችሁት የዘመድ ስም ለዜግነት ስታመለክቱ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጫው አናት ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነበር፤ አለመቀመጡ ትልቅ ጉድለት ነው።

ደብዳቤው ወደ ሌላም ይሄዳል። ጥያቄው የሌላ መሥሪያ ቤት ሆኖ ከተገኘ ይተላለፋል፤ ማጭበርበርን ለመከላከልም ከሌሎች የመንግሥት አካላት ጋር ሊጋራ እንደሚችል መግለጫው ይጠቅሳል። ሥራው በኮንትራት ሲሰጥ ደግሞ የግል ኩባንያ ያየዋል። ከ2017 ሰኔ ጀምሮ ከእንግሊዝ ውጭ ሆነው ስለ ቪዛ በኢሜይል የሚጠይቁ ሰዎች በጥያቄ 5.48 ፓውንድ እንዲከፍሉ ሲደረግ አገልግሎቱን ያካሄደው ሲቴል የተባለ የግል ድርጅት ነበር፤ ክፍያው በኋላ ወደ 2.74 ዝቅ ብሏል። ከአዲስ አበባ ሆኖ የጠየቀ ሰው የባንክ ካርዱንም የጉዞውንም ዝርዝር ያስገባው በዚያ በኩል ነው። የአሳይለም (የጥገኝነት ጠያቂዎች) መኖሪያ ቤት ላይ የሚቀርብ አቤቱታም ከ2019 ጀምሮ የሚያልፈው ማይግራንት ሄልፕ በተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ነው፤ ቤቶቹን የሚያቀርቡት ደግሞ እንደየአካባቢው ሰርኮ፣ ሚርስ እና ክሊርስፕሪንግስ የተባሉ ኩባንያዎች ናቸው። ፋይላችሁን ከሆም ኦፊስ ስታስወጡ ስለ ሻጋታው ግድግዳ የደወላችሁት ሁሉ አብሮ ካልመጣ አትገረሙ። ለእነዚህም ለብቻ መጻፍ ያስፈልጋል።

አሁን ወደሚያመልጥበት መንገድ እንምጣ፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀው እዚህ ነው። መረጃ ከመንግሥት ቤት በሌባ ብቻ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በይፋ የታወቁት ጉዳዮች የሚያሳዩት ግን ቀንደኛው በር የኢሜይልና የኤክሴል አጠቃቀም መሆኑን ነው።

ኢሜይሉን እንይ። ለብዙ ሰው አንድ መልእክት ሲላክ አድራሻዎቹ «ቢሲሲ» በሚለው ሳጥን ከገቡ ተቀባዮቹ አይተያዩም፤ «ቱ» ወይም «ሲሲ» ውስጥ ከገቡ ግን እያንዳንዱ የሌላውን አድራሻ ያያል። ሆም ኦፊስ በ2019 ሚያዝያ ይህንኑ ስህተት ሠርቶ በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የጠየቁ የ240 ያህል የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችን አድራሻ እርስ በርስ አሳየ፤ በዚያው ወር በስህተት ሕገ ወጥ ተብለው ለተበደሉ የካሪቢያን ተወላጆችና መሰሎቻቸው የተዘጋጀው የዊንድረሽ ካሳ መረጃ ይላክልን ያሉ የ500 ያህል ሰዎች አድራሻም በተመሳሳይ ሁኔታ ወጣ። በመስከረም 2021 የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ከታሊባን ሸሽተው ለተደበቁ አፍጋኖች በጻፈው ኢሜይል ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በጥቅሉ 265 አድራሻ ተጋለጠ፤ የአንዳንዱ ሰው ፎቶ ከአድራሻው ጎን ይታይ ነበር። የመረጃ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ሰው አይ ሲ ኦ የሚለው፣ በ2023 ታኅሣሥ 350 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። ሐበሻ የአሳይለም ጠያቂ ይህን እንደ ሩቅ ዜና ሊያየው አይገባም። ስምንና አባትን አጣምሮ የሚይዝ ጂሜይል አድራሻ አንድ የአገር ሰው ዓይን ውስጥ ቢገባ ማን የት እንዳለ መንገር ይችላል።

ኤክሴሉ የባሰ ነው። የኤክሴል ፋይል በግርጌው ብዙ ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱን ገጽ ወይም መቶ ረድፍ መደበቅ የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው። የተደበቀው ግን አልጠፋም፤ ፋይሉ ሲላክ አብሮ ይሄዳል፤ ተቀባዩ በቀኝ ጠቅታ ይከፍተዋል። በ2023 ነሐሴ 8 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ስለ ሠራተኞቹ ብዛት ለቀረበለት የሕዝብ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ቁጥሩ የተሰላበት ጥሬ ዝርዝር በተደበቀ ገጽ ሆኖ አብሮ ወጣ፤ የ9,483 ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ የመጠሪያ ስም የመጀመሪያ ፊደልና የሥራ ቦታ ኢንተርኔት ላይ ተለጠፈ። ቅጣቱ 750 ሺህ ፓውንድ ሆነ። በመከላከያ ሚኒስቴሩም በ2022 የካቲት አንድ ሠራተኛ 150 ያህል ረድፍ የላከ መስሎት ወደ 33 ሺህ ረድፍ ያለበትን ፋይል ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ልኳል፤ ውስጡ ወደ እንግሊዝ ለመምጣት ያመለከቱ 18,700 ያህል አፍጋኖች ነበሩ። ሕዝብ የሰማው ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2025 ሐምሌ ፍርድ ቤት እገዳውን ሲያነሳ ነው። ሁለቱም ስህተቶች ፋይሉን ወደ ሲኤስቪ (ጽሑፍ ብቻ ወደሚይዝ ቀላል የሠንጠረዥ ፋይል) ወይም ወደ ጽሑፍ ሰነድ ቀይሮ በመላክ ይቀሩ ነበር፤ ሲኤስቪ የሚይዘው የሚታየውን አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ የተደበቀ ረድፍ ካለም ፋይሉ ሲከፈት ገሃድ ይወጣል።

ሦስተኛው ማምለጫ ከሌሎቹ ይለያል፤ የአንዱ መረጃ ሌላው ፋይል ውስጥ ይገባል። በ2024 መጋቢት ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ባወጣው ዘገባ በሆም ኦፊስ የሰዎች ዳታቤዝ ውስጥ ከ76 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳሳተ ስም፣ ፎቶ ወይም የመኖሪያ ሁኔታ እንደተመዘገበባቸው ታውቋል። ሥርዓቱ ተመሳሳይ የመሰሉትን ሁለት ሰዎች እያጣበቀ ነበር። የሚመዘገቡበት ስምና ቀን በየቦታው የሚለያይባቸው እንደኛ ያሉ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ጸጋዬ አንዱ ወረቀት ላይ በ«ቲ ኤስ»፣ ሌላው ላይ በ«ቲ» ብቻ ይጻፋል። የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን አንዴ አባት፣ አንዴ አያት ይገባል። ባልና ሚስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ሲይዙ፣ ልጃቸው ደግሞ በአባቱ የመጀመሪያ ስም ሲጠራ ለእንግሊዙ ሲስተም ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ናቸው። የትውልድ ቀኑ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 9 ጃንዋሪ 1993 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1985 የተወለደው ግን 11 ሴፕቴምበር 1992። አንድ ዓይነት ዓመተ ምሕረት ሆኖ ሁለት የተለያየ የፈረንጅ ዓመት ይሰጣል። «7 ዓመት ደምር» ብሎ ያሰላና «8 ደምር» ብሎ ያሰላ ሁለት አስተርጓሚ አንድን ሰው በሁለት ዕድሜ ያስመዘግቡታል።

እንግዲህ ከዚህ ተነስቶ እንዴት መጻፍ ይሻላል? መሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልገውን ብቻ የመሰብሰብ ግዴታ በሕግ አለበት፤ የላካችሁለትን ትርፍ ግን በሩ ላይ አይመልሰውም፣ ስለዚህ ማጣሪያው በእናንተ እጅ ነው። በርዕሱ መስመር ላይ የሆም ኦፊስ ቁጥራችሁን፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደልና ሰባት አኃዝ ያለውን፣ አስቀምጡ። ከውስጥ ሙሉ ስም ልክ በመጨረሻው የሆም ኦፊስ ደብዳቤ ላይ እንደተጻፈ፣ የትውልድ ቀን፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ። ሁለት ጥያቄ ካለ ቁጥር ስጡት። የጤና ጉዳይ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የፖለቲካ አቋም በሕጉ ልዩ ጥበቃ ያላቸው መረጃዎች ናቸው፤ ጥያቄው ስለ እነሱ ካልሆነ አታንሷቸው። ፓስፖርት ካልተጠየቀ አታያይዙ። የሌላ ሰው መረጃ፣ የጓደኛ ምስክርም ቢሆን፣ ሳያውቅ አትላኩ። ከሁሉ በላይ ለሆም ኦፊስ ብቻ የሚሆን፣ ስማችሁን የማይናገር የኢሜይል አድራሻ ክፈቱ፤ ከላይ ያየነው የቢሲሲ ስህተት ቢደርስ እንኳ የሚታየው ትርጉም የሌለው አድራሻ ይሆናል። ኢሜይሉን በየሁለት ሳምንቱ መክፈት ግን አትርሱ፣ የቀጠሮ ደብዳቤም እዚያው ሊመጣ ስለሚችል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ። «ኤፍ ኦ አይ» የሚባለው የመረጃ ነፃነት ጥያቄ የራስን ፋይል ማስወጫ አይደለም። እሱ በ2000 ሕግ መሠረት ስለ መሥሪያ ቤቱ አሠራር በ20 የሥራ ቀን መልስ የሚሰጥበት ነው፤ መልሱ ለዓለም ሁሉ እንደተሰጠ ይቆጠራል። ዋት ዱ ዜይ ኖው በሚባለው ድረ ገጽ በኩል የሚላክ ጥያቄማ ከነጠያቂው ስም በይፋ ይለጠፋል። የኬዝ ቁጥሩንና ታሪኩን እዚያ የጻፈ ሰው ምስጢሩን በራሱ እጅ አወጣ ማለት ነው።

ወደ ፋይል ማስወጫው እንግባ። እንግሊዝኛው ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት ይለዋል። እስከ 2018 ግንቦት 25 ድረስ 10 ፓውንድ ያስከፍል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነፃ ነው። ሶሊሲተር (ጠበቃ) ለሥራው ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል፤ «የሆም ኦፊስ ክፍያ ነው» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ግን እውነቱን አልነገራችሁም። በሕጉ በቃልም፣ በደብዳቤም፣ በኢሜይልም መጠየቅ ይቻላል፤ የሚፈጥነው ግን ጎቭ ዩኬ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለው፣ የሆም ኦፊስ የቪዛ ክፍል የሆነው የዩኬ ቪዛስ ኤንድ ኢሚግሬሽን ፎርም ነው። ፎርሙ የምትፈልጉትን ስፋት ያስመርጣል፤ የተወሰነ ሰነድ፣ መሠረታዊ መረጃ፣ ወይስ ዝርዝሩን ሁሉ። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ኮፒ ያስፈልጋል፤ በወኪል ከሆነ እናንተ የፈረማችሁበት የውክልና ደብዳቤ ይጨመራል። ከፎርሙ ሳጥኖች አንዱ ላይ እስከ ዛሬ የተጻፈላችሁን የስም አጻጻፍ ሁሉ እና የተመዘገበባችሁን የትውልድ ቀን ሁሉ፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ ዘርዝሩ። ይህን ያልዘረዘረ ሰው «ምንም አላገኘንም» ወይም ግማሽ ፋይል ይላክለታል፤ ሌላኛው ግማሽ በሌላኛው ስሙ ስር ተቀምጧል።

ሁሉንም መጠየቅ ያጓጓል፤ እኛ ግን በዓላማ እንድትጠይቁ እንመክራለን። ለይግባኝ ከሆነ የመጀመሪያውን የስክሪኒንግ ኢንተርቪው፣ ዋናውን ኢንተርቪውና የውሳኔውን ደብዳቤ በስም ጥቀሱ። ኬዙ ለምን እንደዘገየ ለማወቅ ከሆነ የኬዝ ማስታወሻዎቹን ጠይቁ፤ ድሮ ሲ አይ ዲ፣ አሁን አትላስ በሚባለው ሲስተም ላይ ኬዝ ወርከሮች (ጉዳዩን የያዙት ሠራተኞች) ከነቀኑ የሚጽፉት ነው። «ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን» ብላችሁ ገድቡ። በ2025 ሰኔ 19 የጸደቀው አዲሱ የዳታ ሕግ መሥሪያ ቤቶች «ምክንያታዊና ተመጣጣኝ» ፍለጋ ብቻ እንዲያደርጉ በግልጽ አስቀምጧል፤ ስለዚህ የተድበሰበሰ ጥያቄ የተድበሰበሰ ፍለጋ ያመጣል። የይግባኝ ችሎት ሰነድ በፍትሕ ሚኒስቴር ስር ካለው የፍርድ ቤቶች አስተዳደር፣ የፖሊስ ሪከርድ ደግሞ አክሮ ከሚባለው ቢሮ ይጠየቃል፤ ከሆም ኦፊስ አትጠብቁት።

የጊዜው ስሌት ብዙ ጊዜ ያጨቃጭቃል፤ ልክ እንዲህ ነው። ጥያቄው በደረሰበት ቀን አንድ ወር መቁጠር ይጀምራል። በሴፕቴምበር 3 ከደረሰ መልሱ እስከ ኦክቶበር 3 ነው። በሚቀጥለው ወር ያ ቀን ከሌለ፣ ለምሳሌ ጃንዋሪ 31 ከሆነ፣ የፌብሩዋሪ የመጨረሻ ቀን ይሆናል፤ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይገፋል። መታወቂያ ከጎደለ ሰዓቱ የሚጀምረው መታወቂያው ሲደርስ ነው፤ ለዚህ ነው ከመጀመሪያው አሟልቶ መላክ ያለባችሁ። ጉዳዩ ውስብስብ ነው ካሉ ሁለት ወር መጨመር ይችላሉ፤ ነገር ግን መጨመሩን ከነምክንያቱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ መንገር አለባቸው። ዝም ብሎ ማለፍ ጥሰት ነው።

አገልግሎቱ ነጥብ የሚያጣው በዚህ ነው። አይ ሲ ኦ በ2022 መስከረም እንዳስታወቀው ከ2021 መጋቢት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ብቻ ከ21 ሺህ ጥቂት የሚያንሱ የፋይል ጥያቄዎች በሕጉ ጊዜ ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ በ2022 ሐምሌም ከ3 ሺህ በላይ ገና ተቆልለው ነበር። ይግባኝ የሚቀርብበት ቀን በደጅ ለቆመ ሰው የአንድ ወር መዘግየት መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ኬዛችሁ ውሳኔ ላይ ሳይደርስ፣ ምንም ችግር ሳይታይ ፋይሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እምቢታ ደርሶ የይግባኝ ቀን መቁጠር ከጀመረ በኋላ የሚጠየቅ ፋይል ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ያኔ በጥያቄው ላይ የይግባኙን የመጨረሻ ቀን በግልጽ ጻፉና ሶሊሲተራችሁ ችሎቱን ጊዜ እንዲጠይቅ አድርጉ።

ጊዜው ካለፈ መጀመሪያ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጥያቄውን የላካችሁበትን ቀንና የደረሰበትን ማረጋገጫ አያይዙ። ካልተመለሰ ወይም መልሱ ካላረካ ለአይ ሲ ኦ ይቀርባል፤ ፎርሙ በኢንተርኔት አለ፣ ነፃ ነው። ከመጨረሻው ቁም ነገር ያለው ምልልሳችሁ በ3 ወር ውስጥ አቅርቡ። ከእሱ የምትጠብቁትን ግን በልክ አድርጉት፤ አይ ሲ ኦ መሥሪያ ቤቱ ሕግ ጥሷል ብሎ ሊናገርና እንዲመልስ ሊገፋው ይችላል፣ ካሳ ግን አያስከፍልም። ካሳ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ከ2022 ወዲህም ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ተግሣጽ ማብዛትን መርጧል። ከዚህ ጎን ለጎን የአካባቢያችሁ ኤም ፒ (የፓርላማ አባል) ቢሮ መጻፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ያፋጥናል፤ የኤም ፒው ቢሮም መረጃችሁን እንደሚይዝ ግን አስታውሱ።

ፋይሉ በኢሜይል በሚላክ ማውረጃ ሊንክ ይመጣል፤ ሊንኩ ጊዜው ስለሚያልፍ በዚያው ቀን አውርዱና በሁለት ቦታ አስቀምጡ። በመቶ የሚቆጠር ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ከመካከሉ ጥቁር ቀለም የተቀባባቸው መስመሮች ይገኛሉ። ጥቁሩ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። የሌላ ሰው መረጃ ይሸፈናል፤ የጠበቃና የደንበኛ ምክክር ይሸፈናል፤ ሦስተኛው የኢሚግሬሽን ቁጥጥርን ይጎዳል የተባለው ነው። ይህ ሦስተኛው በ2018ቱ ሕግ ሠንጠረዥ 2 ላይ የገባ ሲሆን ኦፕን ራይትስ ግሩፕና ዘ ስሪ ሚሊየን የተባሉ ሁለት ድርጅቶች ተሟግተውበት የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2021 ግንቦት ሕገ ወጥ ነው ብሏል። መንግሥት በ2022 አስተካክሎ ቢያወጣውም በ2023 ዳግም ተረታ፤ በ2024 እንደገና ተጻፈ። ውጤቱ ለእናንተ ይጠቅማል፤ መሥሪያ ቤቱ አሁን በየጉዳዩ መዝኖ ምክንያቱን መመዝገብ አለበት፣ በልማድ ብቻ ማጥቆር አይችልም። ገጹ በሙሉ ጠቁሮ ምክንያት ካልተጻፈበት «በየትኛው ድንጋጌ ነው የተሸፈነው?» ብላችሁ የገጹን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ንባቡ ይጀምራል፤ ኢንተርቪውን በአማርኛ እያሰባችሁ አንብቡ። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጡብኝ» ያላችሁት በእንግሊዝኛ «ከሌሊቱ 2» ሆኖ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ 8 መሆን ነበረበት። «ወንድሜ» ያላችሁት የአጎት ልጅ ከሆነ ፋይሉ የእናታችሁ ልጅ አድርጎታል፤ በሌላ ቅጽ «ሁለት ወንድም አለኝ» ብላችሁ ከሆነ አሁን ሦስት ሆነዋል፣ ኬዝ ወርከሩም ይህን «የማይጣጣም ንግግር» ይለዋል። ቀበሌና ወረዳ ተለዋውጠው እንደሆነ ተመልከቱ። በኛ አቆጣጠር በ2005 የታሰረ ሰው ዓመቱ ሳይቀየር «2005» ተብሎ ተመዝግቦ፣ የተፈታበት ቀን ግን ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ ከሆነ የእስሩ ጊዜ ከእውነቱ በ7 ወይም 8 ዓመት የረዘመ ይመስላል።

የእርማት ጥያቄ ስትጽፉ ሁለት ነገር ለዩ። የተሳሳተ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶ፣ ዜግነት ግልጽ ስህተት ነው፤ በአንቀጽ 16 እንዲታረም ከማስረጃው ጋር ጠይቁ፣ መልሱ እንደ ፋይል ጥያቄው በአንድ ወር ነው። የኢንተርቪው ቃል ግን አይሰረዝም፤ መሥሪያ ቤቱ «የተመዘገበው በዚያ ቀን በአስተርጓሚ በኩል የተነገረው ነው» ቢል ሕጉ ይደግፈዋል። እዚያ ላይ የምትጠይቁት የማሟያ መግለጫ እንዲያያዝ ነው። የገጽና የጥያቄ ቁጥር፣ የተጻፈው፣ በአማርኛ የተባለው፣ ትክክለኛው ትርጉም፤ በአራት ዓምድ ሠንጠረዥ አድርጉት፣ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። መግለጫው ፋይሉ ውስጥ መግባቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡላችሁ ጠይቁ፤ ማረጋገጫው ካልመጣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያንን አንድ ሰነድ ብቻ በስሙ ጠርታችሁ አዲስ የፋይል ጥያቄ አቅርቡ። ከተያያዘ ይላክላችኋል፤ ካልተላከ አለመያያዙን አወቃችሁ።